ሐይቅ ከወልዲያ በፊት

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ ደሴ ሳትታይ፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ አንድ ስሕተት ሳድን
ሻዬ ላዩ ረጋ፣ ረሳሁት ሆዴን።

የትኬት መቁረጫ ነው፤ ውሉን ፈርሜያለሁ፤
ሰው በስልኩ መርጦ ወንበር ይይዛል ብያለሁ።
ግን ሐይቅ ብሎ የጻፈ፣ ወልዲያ ይወጣለታል፤
ውጫሌ ያለውም፣ ወልዲያ ይወጣለታል፤
መርሳ?
መርሳም ወልዲያ ሆኗል።

ጣቴን ከፊደል ሥር፣ እንደ ቂርአት ቤት ልጅ፣ እየጎተትኩ
ከላይ እስከ ታች ኮዴን አነበብኩ።
የመጀመሪያው መስመር፦ ወደ ሰሜን ያለ፣ ወደ ወልዲያ ይላክ፤
ከሥሩ ሐይቅ አለ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፤ ሁሉም ልክ።
ሁሉም ልክ ነው፤ ሁሉም ግን አይሠራም።
እንዲህ ያለውን ልክ ለጠላቴም አልመኝም።

ሲነጋ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ።
በሩ ላይ ሸረፋ፣ የሰሜን መስመር ጠሪ፣ አፉን ከፍቶበት፣
"ወልዲያ! ወልዲያ!" ይላል፣ ጉሮሮው እስኪነቃበት።
የሐይቅ ሰው ይሳፈራል፤ መንገድ ላይ ነዋ ሐይቅ፤
የመርሳ ሰው ይሳፈራል፣ ከነፍየሉ፣ ከነስንቅ።
የሐይቁ ሚኒባስ ከጎን ቆሞ
ባዶውን ያዛጋል።

ጋሽ ይመር ፊሽካውን ነፋ፤ ተራ አስከባሪው፣
ሠላሳ ዓመት ከዚህ በር ያልጠፋው፦
"አንተ! ቅርቡን ጥራ፣ ሩቁን አቆይና!
ወልዲያ ሆደ ሰፊ ነው፣ ሁሉን ይውጣልና።
ሐይቅ ይጠራ፤ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ ይቀጥል፤
ማንም ያልጠራው ሲቀር፣ ያኔ ወልዲያ በል።
የሚውጥ በኋላ ይጠራል!"

ዳቦውን ተውኩት።
ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ሮጥኩት፤
አንዱን መስመር ከላይ ቆርጬ ከሁሉ በታች ለጠፍኩት።
ሐይቅ ብዬ ጻፍኩ። ሐይቅ አለኝ።
ደገምኩ። ሐይቅ አለኝ።
ከጎኑ ለሚመጣ ሰው ማስታወሻ አኖርኩ፦
የሚውጥ በኋላ ይጠራል።

ከሰዓት ላመሰግነው ሄድኩ። ቢሮው ሰሌዳ አለው፤
የቦታው ስም በዘይት ቀለም፣ ታሪፉ በጠመኔ ነው።
"ለምን?" አልኩት። "ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ቀለም ልገዛ ነው እኔ?
ሐይቅ አይነሳ፤ የሚነሳው ብሩ ነው፤ ለብር ይበቃል ጠመኔ።"
"የካዝናውስ ቁልፍ?" ሸሚዙን መታ መታ አደረገ፣ በደረት ኪሱ በኩል፦
"ይኼማ፣ ራቢያ፣ ሰሌዳ ላይ አይሰቀል።"

ፊቴ ጋለ።
የባንኩን የይለፍ ቃል ኮዱ መሐል ሰክቼ፣
"ለጊዜው ነው" ብዬ፣ ስድስት ወር ረስቼ፤
ታሪፉንም በየገጹ፣ እዚህ ሠላሳ፣ እዚያ አርባ፣
በዘይት ቀለም ቀብቼ!
ያን ማታ ነቀልኩት፤ ታሪፉ ለብቻው፣ በጠመኔው ፋይል፤
ቁልፉ ከሰርቨሩ ኪስ ገባ፣ ከኮዱ ጋር ላይውል።
የድሮውን ቁልፍ ግን ሰበርኩት፤
ስንት ዓይን እንዳየው ማን ያውቃል?

አንድ ነገር ቀረ። "ዋርካው ጋ" ብሎ መነሻ የሚጽፍ ሞልቷል፤
ዋርካው ከተቆረጠ ስንት ክረምት አልፏል።
ልሰርዘው ስል ጋሽ ይመር፣ "ተይው" አለኝ፣
"ዛፍ ቢሄድ እግር አይረሳም፤ ወደ አዲሱ ፌርማታ አድርሽልኝ።"
እናም እስከ ዛሬ "ዋርካው ጋ" ብሎ የጻፈ
በሌለ ዛፍ ሥር አድርጎ ወዳለ ፌርማታ አለፈ።

ትናንት ሸረፋ ስልኩን ይዞ መጣ፣ ተቆጥቶ፦
"ሃያ ሰባት ወንበር ባዶ ይላል!"
"ታዲያ ሃያ ሰባት ነዋ።"
"እሱማ ነው። እኔ ግን ውጭ 'አንድ ሰው የቀረው' እያልኩ ነው።
አንድ ብቻ ይበል፤ ምን አለበት?"
አይሆንም አልኩት። አኩርፎ ወረደ። ቆይቼ በመስኮት ስሰማ
"ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል፣
ጉም በዋጠው ከተማ።